ቀጠሮ ላለበት ማሽን

ኤቲታይኒ85 የተባለው ማይክሮኮንትሮለር ስምንት እግር አለው። ሁለቱ ለኤሌክትሪክ ናቸው፤ አንዱ ቺፑን ዳግም ለማስነሣት ተይዟል። ለሥራ የሚተርፉት አምስት ናቸው። ለዚህ ቺፕ የኳርትዝ ክሪስታል ልግጠምለት ያለ ሰው ከአምስቱ ሁለቱን ለክሪስታሉ ይሰጣል፤ አጠገቡም ሁለት ካፓሲተሮች ይበይዳል። ሦስት እግር ይቀረዋል። ሰዓቱ እንዲስተካከል ሲባል ከመሥራት አቅሙ 40 በመቶው ሄደ ማለት ነው። ይህን ያህል የሚያስከፍል ነገር ሲያጋጥም ቆም ብሎ መጠየቅ ይገባል፦ ይህች ጥፍር የማታህል ማሽን ትክክለኛ ጊዜ ማወቋ የሚጠቅመው ማንን ነው?

ፈላስፎች ስለ ጊዜ ሲጽፉ «ጊዜ ምንድን ነው?» ከሚለው ይነሣሉ፤ ብዙዎቹም እዚያው ይቀራሉ። ሰርኪዩት የሚሠራ ሰው ይህን ጥያቄ ቢዘለው ምንም አይጎድልበትም። እሱን የሚያስጨንቀው «ስንት ብስት ይፈቀድልኛል?» የሚለው ነው። ለእኔ የኋለኛው ጥያቄ ከፊተኛው ይጠልቃል። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከእሱ ውጭ ፈቃጅ እንዳለ አስቀድሞ አምኗልና።

ሰዓት ለቺፕ ምኑ እንደሆነ እንይ። ማይክሮኮንትሮለር የሚሠራው በምት ነው። አንድ ምት ሲመጣ አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ ቀጣዩ እስኪመጣ ባለበት ይቆማል። ምቱ ቢቋረጥ ቺፑ አይበላሽም፣ የተሳሳተ መልስም አይሰጥም፤ «ቀጥሎ» የሚባል ነገር ግን አይኖረውም። ልብ በሉ፤ ምቶቹ እኩል ርዝመት ይኑራቸው ብሎ እስካሁን የጠየቀ የለም። «አዝራሩ ተጭኗል? ከተጫነ መብራቱን አብራ» የሚል ፕሮግራም የሚፈልገው ቅደም ተከተልን ብቻ ነው። የትኛው እንደሚቀድም ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በመሃል ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ ማወቅ ሌላ። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት የለመድነው ሰዓት የምናስረው እኛ ነን።

ቅደም ተከተሉ ብቻ ለሚበቃው ሰው ከቺፑ ውጭ የሚገዛ ነገር የለም። ኤቲታይኒ85ም ሆነ ታላቅ ወንድሙ ኤቲሜጋ328ፒ የሬዚስተርና የካፓሲተር ኦሲሌተር በሆዳቸው ይዘው ይወለዳሉ። አሠራሩ በጠባብ ቧንቧ ባልዲ እንደ መሙላት ነው፦ ውኃው ከምልክቱ ሲደርስ ባልዲው ይደፋል፣ እንደገና ይሞላል፤ እያንዳንዱ መድፋት አንድ ምት ነው። ሙቀት ሲጨምር ወይም ቮልቴጅ ሲወርድ የመሙያው ፍጥነት ይለወጣል። አምራቹም ይህን አልደበቀም፤ የ8 ሜጋኸርዙ ምት ከፋብሪካ ሲወጣ እስከ 10 በመቶ ሊዛነፍ እንደሚችል በዳታሺቱ ላይ አስፍሯል። ባለቤቱ በእጁ ቢያስተካክለው ወደ 1 በመቶ ይጠጋል። 10 በመቶ በቀን 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ነው። እንዲህ የሚስት የእጅ ሰዓት ቢሸጡልን በማግስቱ ገንዘባችንን ልናስመልስ እንሄድ ነበር።

ቺፑ ግን መሳቱን አያውቅም፤ የሚያውቅበትም መንገድ የለውም። ምቱ በ10 በመቶ ሲዘገይ በውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይዘገያል። ቆጣሪው ዘገየ፣ ቆጣሪውን የሚያነበው ፕሮግራምም እኩል ዘገየ። በዚያች ጠባብ ዓለም 1 ሰከንድ ሁልጊዜ 8 ሚሊዮን ምት ነው፤ ያቺ ዓለም ትዘግይ ትፍጠን ከውስጥ ሆኖ የሚመሰክር የለም። ስህተት የሚወለደው ሁለተኛ ሰዓት በሩን ያንኳኳ ዕለት ነው። ከዚያ በፊት ስህተትም ትክክልም የለም፤ ያለው ምት ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛውን እናስገባ። ሁለት ቺፖች በሲሪያል መስመር ሲነጋገሩ በመካከላቸው የጋራ ምት የሚያመላልስ ሽቦ የለም። ተናጋሪው መስመሩን ዝቅ አድርጎ መጀመሩን ያስታውቃል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም በየራሳቸው ሰዓት ይቆጥራሉ። በ9600 ቦድ አንድ ቢት 104 ማይክሮሰከንድ ያህል ይቆያል፤ አንድ ባይት ከመነሻና ከመድረሻ ምልክቱ ጋር አሥር ቢት ይሆናል። አድማጩ እያንዳንዱን ቢት ከመሃሉ ላይ ለማንበብ ይሞክራል። ትንሿ መዛነፍ ከቢት ወደ ቢት እየተጠራቀመች ሄዳ አሥረኛው ላይ ከግማሽ ቢት ካለፈች፣ አድማጩ የጎረቤቱን ቢት ያነብና ስክሪኑ ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ይዘረግፋል። ሂሳቡ ሲሠራ ሁለቱ ሰዓቶች በድምሩ 5 በመቶ ያህል ቢለያዩ ይግባባሉ፤ ጠንቃቃ ሠሪ ለእያንዳንዳቸው 2 በመቶ ይተዋል።

የእኔን ልብ የሚወስደው 5 በመቶው አይደለም። አዲስ ባይት በመጣ ቁጥር ቆጠራው ከዜሮ መነሣቱ ነው። በፊተኛው ባይት የተጠራቀመው መዛነፍ ለኋለኛው አይወረስም። 1 በመቶ የሚለያዩ ሁለት ቺፖች አንዲት ፊደል ሳይሳሳቱ ዓመቱን ሙሉ ሲያወሩ ሊከርሙ ይችላሉ፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን የቆጠሩትን ቀን ቢጠያየቁ ከሦስት ቀን ተኩል በላይ ይለያያሉ። ለመግባባት አንድ ዓይነት ጊዜ ውስጥ መኖር ግድ አልሆነም፤ ቶሎ ቶሎ እንደ አዲስ መጀመር በቃ። በሰው መካከል ለዚህ የሚሆን ሥርዓት ብዙ ጊዜ ሲያጥረን አያለሁ፤ ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

አርዱዊኖ ኡኖ አር3 የተባለውን ቦርድ የነካ ተማሪ ዩኤስቢ መሰኪያው አጠገብ ያለችውን ብርማ ሞላላ ቆርቆሮ ያስታውሳታል። የዋናው ቺፕ፣ የኤቲሜጋ328ፒ፣ ክሪስታል የምትመስለው ብዙ ነው። አይደለችም። ዋናው ቺፕ ምቱን የሚያገኘው ከአጠገቡ ካለች ትንሽ ሴራሚክ ሬዞኔተር ነው፤ ክሪስታሏ ከኮምፒውተሩ ጋር ለሚነጋገረው ለሌላው ቺፕ፣ ለኤቲሜጋ16ዩ2፣ የተሰጠች ናት። ሴራሚክ ሬዞኔተር ካፓሲተሮቹን በውስጡ ይዞ ባለ ሦስት እግር ሆኖ ይመጣል፤ ርካሽ ነው፣ ቦታ አይሻማም፣ የሚዛነፈውም ግማሽ በመቶ ያህል ነው፤ በቀን 7 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ። ለሲሪያል ወሬ ከበቂ በላይ ነው። ሙሉ ፍጥነት የሚባለው ዩኤስቢ ግን ከሩብ በመቶ በላይ አይታገስም። ስለዚህ ፕሮግራሙን የሚሠራው ቺፕ ርካሹን ሰዓት ወሰደ፣ ከውጭ እንግዳ ጋር የሚነጋገረው ውዱን። ትክክለኛነት ለአስተርጓሚው እንጂ ለአሳቢው አልተሰጠም።

የኳርትዝ ታሪክ ብዙ ቦታ ተጽፏል፤ አላረዝመውም። ፒየር ኩሪና ወንድሙ ዣክ እ.ኤ.አ. በ1880 ኳርትዝን የመሰሉ ክሪስታሎች ሲጫኑ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ አሳዩ። ተቃራኒውም ይሠራል፦ ኤሌክትሪክ ሲነካው ድንጋዩ ቅርጹን ይለውጣል። ስለዚህ በልክ የተቆረጠ ኳርትዝ ከተነካካ በራሱ ፍጥነት ይንቀጠቀጣል። ዋረን ማሪሰንና ጆሴፍ ሆርተን በ1927 በቤል ላቦራቶሪ የመጀመሪያውን የኳርትዝ ሰዓት ሠሩ። ዲሴምበር 25 ቀን 1969 ሴይኮ አስትሮን የተባለውን የመጀመሪያ የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ቶኪዮ ላይ ለገበያ አቀረበ፤ ክሪስታሉ በሰከንድ 8,192 ጊዜ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዛሬ በእጅ ሰዓትም በቦርድም ላይ የተለመደው ቁጥር 32,768 ነው። ለምን? አሥራ አምስት ጊዜ ለሁለት ሲከፈል 1 ስለሚቀር፤ ቺፕ ደግሞ ለሁለት መክፈልን የመሰለ ቀላል ሥራ የለውም። በዚያ ላይ ከሰው ጆሮ አቅም በላይ ነው፤ በትራስ ሥር ሲጮህ አያሳድርም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። በ1930ዎቹ በርሊን ውስጥ ሻይበና አዴልስበርገር የተባሉ ተመራማሪዎች የኳርትዝ ሰዓቶቻቸውን በከዋክብት ከሚለካው ጊዜ ጋር ሲያስተያዩ ልዩነቱ ከወቅቱ ጋር ሲመላለስ አዩ። የሚዛነፈው ሰዓቱ አልነበረም፤ የምድር ዙረት ነበር። እስከዚያ ድረስ ሰዓት ሁሉ የሚታረመው በምድር ነበር። ሁለት ሰዓቶች ሲለያዩ የትኛው እንደሳተ የሚወስነው እንግዲህ ማን ነው? መልሱ «ይበልጥ የታመነው» ከማለት አያልፍም፤ እምነቱም በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከሰማይ ወደ ድንጋይ ወርዷል።

ተራ ክሪስታል የሚዛነፈው ከሚሊዮን 20 ያህል ነው፤ በቀን 1.7 ሰከንድ፣ በወር 52 ሰከንድ ገደማ። ይህ ትንሽ ነው ወይስ ብዙ? መለኪያ ከፈለግን ቤታችን ውስጥ ተሰቅሏል። የእኛ አቆጣጠር በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ጳጉሜን 6 ስለሚያደርግ ዓመቱ በአማካይ 365.25 ቀን ነው። የፀሐይ ዓመት ግን 365.2422 ቀን ያህል ነው። ልዩነቱ በዓመት 11 ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ሲሆን፣ በሠሪዎቹ መለኪያ ሲቀመጥ ከሚሊዮን 21 ይሆናል። መስከረም አንድን የሚያበስረን ካላንደር ገበያ ላይ ካለ ተራ ክሪስታል ጋር ጥራቱ እኩል ነው ማለት ነው! በ400 ዓመት ውስጥ ሦስት ቀን የሚያስቀረው የግሪጎርዮስ አቆጣጠር ከሚሊዮን 1 በታች ይስታል፤ እሱን ከውድ ኦሲሌተር ተርታ ልናስቀምጠው እንችላለን።

ይህ መዛነፍ የቱ ላይ እንደሚታይ ለሚጠይቅ ዓድዋ አለ። ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896። ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። በመሃል ያለፈው 1900 በእነሱ ዘንድ ሠግር ዓመት ስላልነበረ አንድ ቀን ተገፍቷል። ከ2100 በኋላ ደግሞ ማርች 3 ላይ ይውላል። ታዲያ በበዓሉ ቀን አደባባይ ከወጣው ሕዝብ ውስጥ ቀኑ ተዛንፎብኛል ያለ ማን አለ? የለም፤ ሁሉም አብሮ ተዛንፏልና፣ ልክ በቺፑ ውስጥ እንዳለው ቆጣሪና ፕሮግራም። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በሁለት ካላንደር መካከል ለሚኖረው ነው፤ ዋሽንግተን ወይም ሮም ተቀምጦ ለበዓሉ ከሥራ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው በፈረንጅ ቀን ማስረዳት አለበት።

ወደ ቺፑ እንመለስ፦ ክሪስታል ከሌለ ትክክለኛነት የለም እንዳንል የሚያግድ ሌላ መንገድ አለ። ዲጂስፓርክ በተባለችው ትንሽ ቦርድ ላይ ያለው ያው ባለ ስምንት እግሩ ኤቲታይኒ85 ነው፤ ቦርዷ ክሪስታል የላትም፤ ነገር ግን ኮምፒውተር ላይ ተሰክታ በዝቅተኛው ፍጥነት ዩኤስቢ ትናገራለች። ይህ ቋንቋ 1.5 በመቶ ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ የሆዷ ሰዓት ደግሞ 10 በመቶ ሊስት ይችላል። እንዴት ቻለች? ኮምፒውተሩ በየ1 ሚሊሰከንዱ ምልክት ይልካል። ቦርዷ በሁለት ምልክቶች መካከል ስንት ምት እንደቆጠረች ታይና ልኩን እስክታገኝ ድረስ ኦሲሌተሯን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። ኤስቲኤም32ኤፍ042 የተባለው ቺፕ ይህንኑ የሚሠራ ክፍል በውስጡ ተገጥሞለት ይመጣል። እነዚህ ትክክለኛነትን አልገዙም፤ ከአጋራቸው ተበደሩ። በዚያው በሚነጋገሩበት መስመር፣ በዚያው ሰዓት።

ከንጋት ጀምሮ መቁጠርም እንዲህ ያለ ብድር ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይ በየማለዳው ቆጠራውን እንደ አዲስ ለምታስጀምረው ገበሬ ሰዓቱ በቀን ሩብ ሰዓት ቢስት ምን ይጎዳዋል? ነገ ይነጋል፤ ስህተቱ ከአንድ ቀን አያልፍም። እኔ ይህን ኋላ ቀርነት ሲሉት አልስማማም። ሁልጊዜ አብሮት የሚሆን የታመነ አጋር ያለው ሰው ውድ ሰዓት ተሸክሞ የሚዞርበት ምክንያት የለውም።

ብድር አበዳሪው እስካለ ድረስ ነው እንጂ። ከሁሉ ቦታ የማይፈጀው የምት ምንጭ የመብራት መስመሩ ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ ምቱ በነፃ ነው። ብዙ የአውሮፓ ምድጃና የራስጌ ሰዓት የሚቆጥረው ይህንን ነበር፤ አሁንም የሚቆጥር አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ሰርቢያና ኮሶቮ በኃይል አቅርቦት ሲወዛገቡ የአህጉሩ መስመር ፍሪኩዌንሲ ለሳምንታት በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ቆየ፤ እስከ ማርች ድረስ እነዚህ ሰዓቶች 6 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ቀሩ። ማድሪድ ኩሽና ውስጥ ያለ ሰዓት በባልካን ጠብ ዘገየ። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር 12:00 እያለ ብልጭ ድርግም የሚል ሰዓት ለሚያውቅ አንባቢ ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም።

ስለ መጠን ብቻ ለሚጨነቅ ደግሞ ከሲሊከን የተቀረጹ ኦሲሌተሮች አሉ፤ 1.5 በ0.8 ሚሊሜትር የሚሆኑ። የሩዝ ፍሬ ከእነሱ ይረዝማል። ለንዝረትና ለግጭት ከኳርትዝ ይሻላሉ ይባልላቸዋል፤ እውነትም ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ኢሊኖይ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የኤምአርአይ ማሽን ሲተከል ሂሊየም አምልጦ ሕንፃው ውስጥ ተሰራጨ፤ በርካታ አይፎኖችና የአፕል የእጅ ሰዓቶች ቀጥ አሉ። የሌሎች አምራቾች ስልኮች መሥራታቸውን አላቋረጡም። የሂሊየም አተም እጅግ ትንሽ ስለሆነ ወደ ታሸገችው የሲሊከን ክፍል ሰርጎ ምቱን አስቆመው። ስልኮቹ አልተሳሳቱም፤ ቀጣዩን ምት አጡ። አብዛኞቹ ጋዙ ከወጣ ከቀናት በኋላ ተነሡ።

እንግዲህ ብቻውን የሚኖር ማሽን ትክክለኛ ሰዓት አያስፈልገውም፤ ሁልጊዜ ከሌላው ጋር የሚኖር ይበደራል። ክሪስታሉ ለማን ቀረ? ለሚለያይና ተመልሶ ለሚገናኝ። ለተቀጣጠረ። የሰዓት ሠሪው የጆን ሃሪሰን ኤች4 ሰዓት እ.ኤ.አ. በ1761 ከእንግሊዝ ተነሥቶ ወደ ጃማይካ የተጓዘው ለዚሁ ነበር፤ መርከበኛው የወደቡን ሰዓት ይዞ ካልሄደ ባሕር መሃል የት እንዳለ አያውቅም። ከ81 ቀን በኋላ ልዩነቱ 5 ሰከንድ ያህል ሆነ። ይህ 5 ሰከንድ የተገኘው ግን ሰዓቱ በየቀኑ የሚስተው የታወቀ መጠን ከተቀነሰ በኋላ ነው። ሃሪሰን የማይስት ሰዓት አልሠራም፤ አሳሳቱ የማይለዋወጥ ሰዓት ሠራ። ልኩ የታወቀ ስህተት በመቀነስ ይወገዳል። የሚያስፈራው ልኩ ራሱ የሚለዋወጠው ነው።

ስለዚህ በአንድ ወንዝ ላይ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ሁለት የውኃ ከፍታ መመዝገቢያዎች ስድስት ወር በባትሪ ይቀመጡ ቢባል የምመርጠው ግልጽ ነው። ጎርፉ ከላይኛው ወደ ታችኛው በስንት ሰዓት እንደደረሰ የሚታወቀው ሁለቱ ሰዓቶች ከተስማሙ ብቻ ነው፤ በመሃል ደግሞ አይነጋገሩም። በ1 በመቶ የሚስተው የቺፑ ሰዓት በስድስት ወር 1.8 ቀን ይርቃል፤ መረጃው ዋጋ ያጣል። የ32,768ቱ ክሪስታል 5 ደቂቃ ገደማ ይርቃል። ዲኤስ3231 የተባለው፣ ሙቀትን እየለካ ራሱን የሚያርመው ሰዓት፣ ከሚሊዮን 2 ስለሚስት ግማሽ ደቂቃ ነው የሚርቀው፤ ግን ከቺፑ የሚበልጥ ቦታ ይይዛል። ጎርፍ ሰዓታት ይፈጅበታልና 5 ደቂቃ ይበቃኛል፤ ትንሿን ክሪስታል እወስዳለሁ። ሙቀቱን ግን አልዘነጋም። ይህ ክሪስታል ልኩ 25 ዲግሪ ላይ ነው፤ ከዚያ ሲወጣም ሲወርድም ይዘገያል እንጂ አይፈጥንም። በአፋር 45 ዲግሪ ቀትርም ሆነ በደብረ ብርሃን 5 ዲግሪ ሌሊት እኩል ከሚሊዮን 13.6 ያህል ወደ ኋላ ይቀራል፤ በቀን 1.2 ሰከንድ።

መመዝገቢያዎቹን ልትሰበስቡ ስትሄዱ መጀመሪያ የመመዝገቢያውን ሰዓት ከስልካችሁ ጋር አስተያዩ፣ ልዩነቱን ደብተር ላይ ጻፉ፤ ባትሪውን ከዚያ በኋላ ንቀሉ።